የከተማችን ዛፍ ጥላው ለማን ነው?

አዲስ አበባን ከሩቅ የሚያያት ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። በዚህም ምክንያት ደን የለበሰች ከተማ እየተባለች ብዙ ተወድሳለች። ይህችው ከተማ ግን ገና በልጅነቷ በዛፍ እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ ነበር። በየወንዙ ዳርና በየአደባባዩ መናፈሻ እየተሠራ፣ የቆዩ ሰፈሮችም እየፈረሱ ባሉበት በዚህ ዘመን ያንን ታሪክ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአዲስ አበባ የዛፍን ታሪክ ከመሬት ታሪክ መለየት አይቻልም። መሬቱ የማን ነበር? ዛፉን ማን ተከለው? ማንስ ተሸክሞ አወረደው? ከጥላው ሥር የተቀመጠውስ ማን ነው?

እንጨቱ ሲያልቅ

በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት ሲያሠሩና ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሲሰይሙት፣ የአገራችን ነገሥታት መናገሻ ገና ከድንኳን ልማድ አልተላቀቀም ነበር። ንጉሥ በአንድ ቦታ ይሰፍራል፤ ሠራዊቱና ተከታዩ የአካባቢውን ዛፍ ለማገዶና ለቤት ይጨርሳል፤ እንጨቱ ሲርቅ ድንኳኑ ይነቀላል። አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። የእንጦጦ ጽድና ወይራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመነጠረ። ማገዶ ፍለጋው እየራቀ ሲሄድ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ስፍራ አዲስ ዓለም ብለው ሌላ መናገሻ ማሠራት ጀመሩ። ጊዜው የ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ከተማዋን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የተገኘው ይህ ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ማን አመጣው በሚለው ላይ ጸሐፊዎች አንድ ቃል የላቸውም። የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳዬ ስም ግን ደጋግሞ ይነሳል። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ችግኙ እንዲታደል አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ ለተተከለበት መሬትም የግብር ምሕረት ሰጡ። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፣ አዲስ አበባም ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ቀረች።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። የግብር ምሕረት የሚጠቅመው መሬት ያለውን ሰው ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ሰፊ መሬት የነበራቸው መኳንንቱ፣ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥቱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1907 የወጣው የምኒልክ ደንብ የከተማ መሬት የግል ሀብት ሆኖ እንዲሸጥና እንዲለወጥ ሲፈቅድ ይህ ባለቤትነት የበለጠ ጸና። ባሕር ዛፉ የባለርስቱ ገንዘብ ሆነ፤ ማገዶ፣ ማገርና አጠና ሆኖ ይሸጣል። መሬት የሌለው የከተማ ሰው ከዛፉ የሚደርሰው የሚለቅመው ጭራሮና የሚጠርገው ቅጠል ነበር።

በጌታ አጥር ሥር

የጥንቷ አዲስ አበባ አሰፋፈር የራሱ መልክ ነበረው። ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ይቆማል፤ በዙሪያው ለየመኳንንቱ ቦታ ይሰጣል። መኳንንቱም በበኩላቸው ከፍ ባለው ላይ እልፍኛቸውን ይሠራሉ፣ አሽከሩ፣ ወታደሩ፣ ባለ እጁ ከግርጌያቸው ይሰፍራል። የራስ መኮንን፣ የራስ ተሰማ፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ የደጃች ውቤ እየተባሉ የተጠሩት ሰፈሮች የተወለዱት በዚህ ዓይነት ነው። ሠራተኛ ሰፈርን የመሰሉት ደግሞ በነዋሪዎቻቸው ሥራ ተጠሩ።

ይህ አሰፋፈር እኩልነት አልነበረም፤ አንዱ ጌታ ሌላው ሎሌ ነው። ሆኖም ጌታና ሎሌ አንድ ሰፈር ይኖራሉ። የባለጸጋው ግቢ ዛፍ ለጎረቤቱም ጥላ ይጥላል፤ የምንጩም ውሃ ይደርሳል። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" የሚለው ተረት በአዲስ አበባ ሰፈሮች ለረጅም ጊዜ የሠራው ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር ስለኖሩ ነው። ይህን ነገር ወደፊት ስለምንመለስበት አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ከኮረብታው ግርጌ ያለው ቦታ ሲሞላ ከገጠር የመጣው ድሃ የት ተቀመጠ? ማንም በማይፈልገው ቦታ፣ በወንዝ ዳር። ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንትይቀጡ፣ ቁርጡሜ ከእንጦጦ ተነሥተው ከተማዋን ሸንሽነው ይወርዳሉ። ዳርቻቸው ገደላማ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃው ይሞላል፣ በጋ ሲሆን ሽታው አያስቀምጥም። ቤት ለመሥራት ገንዘብ ያለው ሰው አይመርጠውም። እሪ በከንቱ የሚለው የፒያሳ የወንዝ ዳር መንደር ስሙ ራሱ ይናገራል፤ እሪ ቢሉ የሚደርስ የለም ማለት ነው።

ጣሊያንና እንግሊዛዊው

ሀብታሙና ድሃው በአንድ ሰፈር የመኖራቸውን ነገር በሕግ ለመለያየት መጀመሪያ የሞከረው የፋሺስት ጣሊያን አገዛዝ ነው። አዲስ አበባ እንደተያዘች፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለኮርቡዚየ ከተማዋን እንዳልነበረች አድርጎ የሚያቅድ ንድፍ ለሙሶሊኒ ልኮ ነበር። በኋላ ሥራው ለጣሊያኖቹ ለጉዊዲና ለቫሌ ተሰጠ። ዕቅዳቸው የአውሮፓዊውንና የአገሬውን መኖሪያ መለየት ነበር። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ የዛሬው መርካቶ ሆነ። ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚያሠራው ድርጅት ስም ዛሬም በካዛንቺስ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ፖፖላሬም የተወለደው በዚያው ወቅት ነው።

የአምስቱ ዓመት ወረራ ሲያበቃ ዕቅዱ በወረቀት ላይ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1946 ደግሞ የለንደንን ዕቅድ የነደፈው እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ተጋብዞ መጣ። ቀለበት መንገድ፣ የሰፈር ክፍሎች፣ ሰፋፊ አረንጓዴ ቦታዎችና በዳር የሚሠሩ አነስተኛ ከተሞች አሰበ። ከእርሱም በኋላ ዕቅድ አውጪዎች እየተተካኩ መጡ፤ እያንዳንዳቸው ካርታውን አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ወደ መሬቱ አልወረደም። መሬቱ የባለርስት ስለነበረ ቦታ ገዝቶ መናፈሻ የሚያደርግ ማዘጋጃ ቤት መኖር ነበረበት፤ አቅሙም ፈቃዱም አልተገኘም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድሃው የራሱ መናፈሻ አልጠፋበትም። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ወይራውና ጽዱ በምስማር ይቆጠር በነበረበት ከተማ የአገር ዛፍ የተረፈው በደብሮቹ አጥር ውስጥ ነው። ሁለተኛው ጃን ሜዳ ነው። ሰልፍ፣ ጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም የታየበት፣ የአገር አቋራጭ ሩጫ የሚሮጥበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት ይህ ሜዳ ለልጅ ኳስ ለአዛውንት መንሸራሸሪያ ሆኖ ኖሯል። ሦስተኛው ደግሞ በየሰፈሩ የነበረው ባለቤቱ የማይታወቅ ባዶ ሜዳ ነው። ከእነዚህ በአንዱም በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ አልነበረም።

ሐምሌ 19

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ገለበጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። እስከ 300 ብር ይከራዩ የነበሩ ቤቶች ኪራያቸው ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። በወር ከ100 ብር በታች የሚከፈልባቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ።

አዋጁ የጎዳቸው አሉ፤ ጥሮ ግሮ ሁለት ክፍል ሠርቶ አንዷን የሚያከራይ ሰውም ተወርሷል። ቀበሌዎቹም ኪራይ ሰበሰቡ እንጂ ቤቱን አላደሱም። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ለብዙ ጎጆ ሆነ። ያም ሆኖ አዋጁ አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። በጥቂት ብር ኪራይ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ መኖር ተቻለ። በሌሎች አገሮች ድሃው ከመሀል ከተማ ወደ ዳር ሲገፋ፣ አዲስ አበባ ላይ ጉልት ቸርቻሪዋ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ጀርባ፣ ሊስትሮው ከትልቁ ሆቴል አጥር ሥር መኖሩን ቀጠለ። ሥራው በእግሩ የሚደርስበት ነው፤ ትምህርት ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ እድሩም እዚያው ነው።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ከባለርስቱ ወደ መንግሥት ዞረ። ለእንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ግን የተለወጠው የጥበቃው ማንነት ብቻ ነበር። እነዚህ እናቶችና ልጃገረዶች ጎሕ ሳይቀድ ወደ ተራራው ወጥተው፣ 30 እና 40 ኪሎ የሚመዝን ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው በሽሮ ሜዳና በቁስቋም በኩል ሲወርዱ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ጥበቃ ሲይዛቸው ሸክማቸውን ይቀማሉ። የከተማዋ ምጣድ የተሰማው በእነርሱ ጀርባ ነው። አዲስ አበባን ባሕር ዛፍ አተረፋት ስንል እነዚህን ሴቶች አብሮ መቁጠር ይገባል።

መሬት ዋጋ ሲያወጣ

ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ መሬት የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ አጠቃቀሙ ግን ተለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታን በሊዝ የማከራየትን ሥርዓት አመጣ፤ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. በወጡ አዋጆችም ተተካ። ከዚህ ወዲያ በመሀል ከተማ ያለ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ዋጋ አወጣ። በ1990 ዓ.ም. ሸራተን አዲስ ሲከፈት በስፍራው የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ነበር። ቆይቶም በሆቴሉ ዙሪያ የነበሩ መንደሮች ፈርሰው ቦታው ለዓመታት ታጥሮ ሣር አብቅሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ ጣራ ሰጥቷል። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ግን ከመሀል ከተማ ሩቅ ናቸው፤ ቅድሚያ ክፍያ ያጣው ዕጣ የወጣለት ሰውም ቤቱን አከራይቶ ወይም ሸጦ ወደ ሌላ ደሳሳ ጎጆ ሄዷል።

ቀጥሎ ወንዙ ተራው ደረሰ። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ለማስዋብ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት ዕቅድ ይፋ ሆነ። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው የሸገር ገበታ ላይ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ነበር። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም. በሸራተንና በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያለው ወዳጅነት ፓርክ፣ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተመረቁ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያን፣ እሪ በከንቱን፣ አራት ኪሎንና ቀበናን ነካ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ።

ፍርዳችን እንዳያደላ መልካሙን አስቀድመን እንናገር። ከመቶ ዓመት በላይ ለተራው ሰው ዝግ የነበረ የቤተ መንግሥት ግቢ ለጎብኚ መከፈቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫና የሕፃናት መጫወቻ ለሁሉም ይጠቅማል፤ በመንገዱ ለመሄድም የሚጠይቅ ክፍያ የለም። የፈረሱት ቤቶችም ብዙዎቹ ለሰው ልጅ መኖሪያ የሚመጥኑ አልነበሩም፤ በወንዙም ላይ ይፈስ የነበረውን ማን ያጣዋል? ከእንጦጦ ሴቶችም ለአንዳንዶቹ ሌላ ሥራ ለማስያዝ ተሞክሯል።

ጥያቄው መናፈሻው ከተሠራ በኋላ አጠገቡ የሚኖረው ማን ነው የሚለው ነው። በወንዙ ዳር ሰው ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ከሽታው ጋር ኖረ። ወንዙ ሲጸዳና ዳርቻው ሣር ሲለብስ ግን እርሱ የለም። የቤቱ ባለቤት የነበረው ካሳና ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ የቀበሌ ቤት ተከራዩ በዳር ከተማ ምትክ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ያገኛል። ይህ በሒሳብ ደብተር ላይ ሲታይ ኪሳራ አይመስልም። ይሁን እንጂ ለ40 ዓመት የተዋጣበት እድር ምትክ የለውም። ሲወልዱ ገንፎ የምታገነፋ፣ ሲታመሙ በር የምታንኳኳ፣ ልጅን ከትምህርት ቤት የምትቀበል ጎረቤት ካሳ አይተመንላትም። ጉልቷ ከሰው መተላለፊያ የነበረባት ሴት ሰው በማይተላለፍበት ሕንፃ ሥር ሽንኩርት ዘርግታ ማን ይገዛታል? ለታክሲ የምታወጣው ገንዘብ የቀን ትርፏን ሲበላው፣ በዓል ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ወደ ቀድሞ ሰፈሯ መናፈሻ መሄድም ወጪ ይሆንባታል። አንድነት ፓርክ ሲከፈት የመደበኛ ጎብኚ መግቢያ 200 ብር ነበር፤ አምስት ሰው ላለው ቤተሰብ 1,000 ብር መሆኑን ማስላት አያዳግትም።

የሌላውም አገር ታሪክ

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በዓለም ከሚደነቁት መናፈሻዎች አንዱ የሆነው የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ 341 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ፓርኩ ከተሠራበት መሬት ላይ 1,600 የሚያህሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከመካከላቸው እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን መሬት እየገዙ የመሠረቱት ሴኔካ ቪሌጅ የሚባል መንደር ይገኝበታል። በ1855 ቆጠራ 225 ያህል ነዋሪዎች ነበሩት፤ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤትም ነበረው። የዘመኑ ጋዜጦች ነዋሪዎቹን የሰው መሬት እንደወረሩ አድርገው ጻፉባቸው። እ.ኤ.አ. በ1857 መንደሩ ተነሣ፤ ሰዎቹ የት እንደገቡ ለማወቅ ተመራማሪዎች ዛሬም ይደክማሉ። መናፈሻው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲወደስ መንደሩ ተረስቶ ነበር።

በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ሃይ ላይን የሚባለው መናፈሻ ደግሞ ያለ ዶዘር ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። በአየር ላይ የተዘረጋ የቆየ የጭነት ባቡር ሐዲድ አትክልት ተተክሎበት መንሸራሸሪያ ሆነ፤ ዓለም አጨበጨበ። በዙሪያው ያለው የቤት ዋጋ ግን ተሰቀለ፤ የተራው ሰው ሱቅ በውድ ሱቅ ተተካ። ከመሥራቾቹ አንዱ ሮበርት ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአካባቢው ሰው የሚገባውን እንዳላደረጉ፣ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው ነዋሪው ምን እንደሚፈልግ እንደነበረ በአደባባይ ተናግሯል። የድሃ ሰፈር ሲያምር ድሃው መልቀቁ በብዙ ከተሞች ታይቷል፤ አንዱን የሚያስለቅቀው ደብዳቤ ነው፣ ሌላውን ኪራይ።

አሁንም አልመሸም

የአዲስ አበባ የ2009 ዓ.ም. መዋቅራዊ ፕላን ከከተማዋ መሬት 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 40 በመቶው ለግንባታ እንዲሆን ይላል። ጥሩ ሐሳብ ነው። 30 በመቶው ግን የት ይውላል? ሁሉም በመሀል ከተማ በትላልቅ አጥሮች ውስጥ ከሆነ፣ በኮዬ ፈጬ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው የቀድሞ የፒያሳ እናት ድርሻዋ ምንድን ነው? በየኮንዶሚኒየሙ መካከል የቀሩት ባዶ ቦታዎች ጥቂት ዛፍና አግዳሚ ወንበር ቢያገኙ የእርሷ መናፈሻ ይሆናሉ። ወጪውም ከትልቁ ፓርክ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው ነገር መመለስ ነው። ሰፈር ሲታደስ ከሚሠሩት ሕንፃዎች የተወሰነው ክፍል በዚያው ይኖር ለነበረው ሰው፣ በአቅሙ ኪራይ፣ እንዲሰጥ አስቀድሞ በሕግ ቢወሰን የወንዝ ዳሩ ነዋሪ የጸዳውን ወንዝ ያያል። መንግሥት የመሬቱ ባለቤት በሆነበት አገር ይህ ከሌላው ዓለም ይልቅ ይቀላል፤ የኒውዮርክ ማዘጋጃ ቤት የሌለው ሥልጣን በእጃችን አለ። እድሩም ሲነሣ እንደ እድር ቢነሣ፣ ማለትም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይበተን በአንድ ሕንፃ ቢሰፍር፣ ጉዳቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ያለውን መጠበቅ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛውሮ ነበር፤ ለ2013 ጥምቀት እንዲደርስ ሜዳው ተለቅቆ ጸዳ። ያን ጊዜ የከተማው ሰው ያሳየው ስጋት ነጻ ሜዳ ምን ያህል እንደሚከበር ይመሰክራል። በየሰፈሩ የቀሩት ትንንሽ ሜዳዎች ግን ጥምቀት አይከበርባቸውምና ሲወሰዱ የሚጮህላቸው የለም።

ምኒልክ ችግኝ ሲያድሉ መሬት ያለው ተከለ፣ መሬት የሌለው ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ መሬቱ ከባለርስት ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥትም ወደ ሊዝ ገዢው ዞሯል። በየዓመቱ ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነገረናል። ከዚያው ጋር ከየሰፈሩ ስንት አባወራ እንደተነሣ፣ የት እንደገባና ስንቱ እንደተመለሰ ቢነገረን፣ የልጅ ልጆቻችን ስለ ከተማዋ ዛፍ ሲጽፉ ከዛፉ ሥር የነበሩትን ሰዎች ፍለጋ አይደክሙም።